የኤደን አለነ ሁለት ድሎችና ሮተርዳም ያልደረሰው አማርኛ

ረቡዕ ማርች 18 ቀን 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አንድ መግለጫ አወጣ። በሜይ ወር ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም ላይ ሊካሄድ ታስቦ የነበረው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰርዟል። ውድድሩ ከ1956 ጀምሮ አንድም ዓመት ተቋርጦ አያውቅም ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ገና አምስት ቀኑ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ላይ ስለ አውሮፓውያን ዘፈን የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ ሳሙናና ስለ ጭንብል ነበር የሚያወራው። ሆኖም በዚያ ቀን መድረክ ካጡት 41 ዘፈኖች መካከል አንዱ ርእሱ አማርኛ ነበር።

ዘፈኑ «ፌከር ሊቢ» ይባላል። የምትዘፍነው ኤደን አለነ የምትባል የ19 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትወክለው አገር እስራኤል ነው። ዘፈኑ በዳኞችና በተመልካች ድምፅ ከተመረጠ ገና 15 ቀኑ ነበር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ ይሰሙበታል። ከኢትዮጵያ ቤተሰብ የተወለደ ሰው እስራኤልን በዩሮቪዥን እንዲወክል ሲመረጥ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ኤደን እዚያ የደረሰችው በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸንፋ ነው። ነገር ግን በአንድ አይደለም፤ በሁለት ነው። በጃንዋሪ 2018 አንዱን አሸነፈች፤ በፌብሩዋሪ 2020 ሌላውን። አንድ ሰው አንዴ ካሸነፈ ለምን ተመልሶ ይሰለፋል? የዚህች ልጅ ታሪክ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው፤ ከእሷ በፊት የመጡት የቤተ እስራኤል ዘፋኞች ታሪክም እንዲሁ።

የነገሩ ሥር እንግሊዝ ነው። በኦክቶበር 2001 ሳይመን ፉለር የተባለ የሙዚቃ ነጋዴ «ፖፕ አይዶል» የተሰኘ ፕሮግራም ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የማይታወቁ ወጣቶች ይዘፍናሉ፣ ዳኞች ይተቻሉ፣ ተመልካች ስልክ ደውሎ ይመርጣል። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ወሰደችው፤ በሴፕቴምበር 2002 ኬሊ ክላርክሰን የምትባል የቴክሳስ ልጅ የመጀመሪያውን «አሜሪካን አይዶል» አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ዓለም በሙሉ ቀዳው። የኢትዮጵያ ተመልካችም ከ«ኢትዮጵያን አይዶል» እስከ «ባላገሩ አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» ድረስ ያውቀዋል፤ ዳኛው ሲቆጣ፣ ተወዳዳሪው ሲያለቅስ፣ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ማን ያላየ አለ?

እስራኤል በ2003 የራሷን ጀመረች። «ኮኻቭ ኖላድ» አሏት። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ስም አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልገውም፤ «ኮኻቭ» ኮከብ ነው፣ «ኖላድ» ደግሞ ከእኛው «ወለደ» ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ቃል ነው። ኮከብ ተወለደ ማለት ነው።

ይህ ፕሮግራም በእስራኤል ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ከእሱ በፊት ለረጅም ጊዜ አንድ ወጣት ታዋቂ ዘፋኝ ለመሆን የሚያልፍባቸው በሮች ጥቂት ነበሩ። አንደኛው የጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ ስመ ጥር ዘፋኞች ብዙዎቹ ከዚያ ወጥተዋል። (ክቡር ዘበኛን፣ ፖሊስንና ምድር ጦርን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።) ሌሎቹ በሮች ቴል አቪቭ ያሉት የካሴትና የሲዲ አሳታሚዎችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ሁሉም በር ጠባቂ ነበረው። ጠባቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች ልጅ ነበር። ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ የመጡት ሙዚቃቸው ሠርግ ቤትና የአውቶቡስ ጣቢያ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሸጠው።

የስልክ ድምፅ ይህን በር ዘለለው። የመጀመሪያው ውድድር አሸናፊ ኒኔት ታይብ የመጣችው በ1950ዎቹ በዋናነት የሰሜን አፍሪካ ስደተኞችን ለማስፈር ከተቆረቆሩት ከተሞች አንዷ ከሆነችው ከኪርያት ጋት ነው። በ2007 ያሸነፈው ቦአዝ ማውዳ ቤተሰቡ ከየመን ነው፤ በማግስቱ ዓመት ቤልግሬድ ላይ በዩሮቪዥን አገሩን ወክሎ 9ኛ ወጣ። የ2010ሯ አሸናፊ ዲያና ጎልቢ ሞስኮ ተወልዳ በልጅነቷ የመጣች ናት። በየዓመቱ ከዳር ያለ አንድ ማኅበረሰብ ልጁ መሐል ላይ ቆሞ ሲጨበጨብለት ያይ ነበር። ይህ በአጋጣሚ ብቻ አልሆነም፤ ከዳር ያለ ማኅበረሰብ ለልጁ ስልክ የመደወል ትጋቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሌላ የሚደውልበት የለውምና።

በ2011 ተራው የቤተ እስራኤል ሆነ።

ሐጊት ያሶ የ21 ዓመት ልጅ ነበረች። ያደገችው ስደሮት ነው፤ ከጋዛ ድንበር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች፣ ከ2001 ጀምሮ ሮኬት የማያጣት ትንሽ ከተማ። ስደሮት በሮኬት ብቻ ሳይሆን በሙዚቃም ትታወቃለች፤ የሞሮኮ ስደተኞች ልጆች ያቋቋሟቸው ባንዶች ከቦምብ መጠለያ ውስጥ ሆነው የአገሪቱን ሮክ ሙዚቃ ለውጠዋል። የሐጊት ወላጆች ከኢትዮጵያ ወጥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ ከዚያ እስራኤል የደረሱ ናቸው። በኦገስት 2011 ልጃቸው የአገሪቱን ትልቁን የቴሌቪዥን ውድድር አሸነፈች።

የሱዳን መንገድ ሲባል ምን እንደነበር ያልሰማ ካለ፣ ቁጥሮቹ ይህን ይመስላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት እየተጓዙ ድንበር ተሻገሩ። በረሃው፣ ሽፍታው፣ የስደተኛ ካምፑ በሽታ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉትን እንደበላ ይነገራል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በነበረው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8 ሺህ ሰዎች በአውሮፕላን ተወሰዱ። በሜይ 1991፣ ደርግ በወደቀበት ሳምንት፣ «ዘመቻ ሰሎሞን» በ36 ሰዓት ውስጥ 14 ሺህ 325 ሰዎችን ከአዲስ አበባ አንስቶ ወሰደ። ዛሬ በእስራኤል ከ150 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ትውልድ ያላቸው ዜጎች ይኖራሉ።

ሲደርሱ የጠበቃቸው ሁሉ አበባ አልነበረም። ካህናቶቻቸው እንደ ካህን አልተቆጠሩም። በጃንዋሪ 1996 ከእነሱ የተለገሰው ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ጋዜጣ አወጣና ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። ያ ደም የመጣል ነገር በኢትዮጵያም ብዙ ተወርቶለታል፤ አዛውንቶች ዛሬም ያነሱታል።

ሐጊት ስታሸንፍ እንግዲህ ይህ ሁሉ ከኋላዋ ነበር። ጋዜጦቹ የጻፉት ስለ ድምፅዋ ብቻ አልነበረም። ወላጆቿ በእግር ስለመጡበት መንገድ፣ ስለ ስደሮት ሮኬት፣ ስለ «ውህደት» ጻፉ። ከድሏ በኋላም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የአይሁድ ማኅበረሰቦች መድረክ ላይ ተጋብዛ ዘፍናለች። ይህ ክብር ነው፤ አይናቅም። ግን የሚጋብዛት ሰው ከዘፈኑ ይልቅ ታሪኩን ነው የሚፈልገው። ዘፋኝ መሆንና ምሳሌ መሆን አንድ አይደለም። ዘፋኝ መጥፎ አልበም ሊያወጣ ይችላል፤ ምሳሌ የሆነ ሰው ግን መሳሳት አይፈቀድለትም። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ኒኔት የተሰጣትን የአገር እኅት መልክ ጠልታ ፀጉሯን ተላጨች፣ ወደ ሮክ ዞረች፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ሄደች። ብዙ አድናቂ አጣች፤ ግን የራሷን ሙዚቃ አገኘች። አንዲት የስደሮት ጥቁር ልጅ ያን ብታደርግ ምን ይባል ነበር? እሷን ወክሎ የሚቀየመው ማኅበረሰብ ብቻ ሳይሆን «ያደረግንላችሁ» የሚለውም ብዙ ነው።

ከሐጊት በፊት የአማርኛ ድምፅ በእስራኤል ሬዲዮ አልተሰማም ማለት ግን አይደለም። ተሰምቷል፤ በጣምም ተወድዷል። ይህን ያደረገው ኢዳን ራይሸል የተባለ የኪቦርድ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ነው። ራይሸል በወጣትነቱ የስደተኛ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ተንከባካቢ ሆኖ ሲሠራ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች የሚሰሟቸውን ካሴቶች ሰማ። የአስቴር አወቀና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀረ። በ2002 «የኢዳን ራይሸል ፕሮጀክት» የሚለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የኢትዮጵያ ድምፅና የአማርኛ ቃላት ከዕብራይስጡ ጋር ተቀላቅለው መጡ። አልበሙ ገነነ። ከፕሮጀክቱ ድምፃውያን አንዷ ካብራ ካሳይ ቤተሰቦቿ ወደ እስራኤል በጉዞ ላይ ሳሉ ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ የተወለደች ናት።

ለራይሸል ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ቤት ውስጥ የሚያፍሩበትን ቋንቋ በሬዲዮ ሰምተው ቀና ያሉት በእሱ ምክንያት ነው። ሆኖም አሠራሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዘፈኑ የሚነግረው ታሪክ በዕብራይስጥ ነው። አማርኛው የሚመጣው መግቢያው ላይ፣ አዝማቹ ላይ፣ አንዳንዴም ከሩቅ እንደሚሰማ የእናት ድምፅ ነው። ትርጉሙን ለማያውቅ አድማጭ አማርኛው መሣሪያ ነው፤ እንደ ክራር፣ እንደ ዋሽንት። ይህ አሠራር 18 ዓመት ቆይቶ ከኤደን ጋር እንደገና ይገናኛል።

ኤደን አለነ ሜይ 7 ቀን 2000 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተወለደች። ያሳደገቻት ከኢትዮጵያ የሄደች እናቷ ለብቻዋ ናት። ቤቱ ሃይማኖተኛ ነበር። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ባሌ ተምራለች፤ በኋላ ቤተሰቡ ከኖረባቸው ከተሞች አንዷም ያቺው የኒኔት ከተማ ኪርያት ጋት ናት። አማርኛ ለእሷ የትምህርት ቤት ቋንቋ አይደለም፤ የእናት ቋንቋ ነው፣ የቃሉ ትርጉም በቀጥታ ሲወሰድ። ጆሮዋ ያደገው ግን በአሜሪካ አር ኤንድ ቢ ነው። ይህ ደግሞ በእሷ ትውልድ አያስገርምም፤ የቤተ እስራኤል ልጆች በእስራኤል ጎዳና ላይ ጥቁር መሆን ምን እንደሆነ የሚገልጽ ሙዚቃ ሲፈልጉ ያገኙት ከጎንደር ሳይሆን ከአትላንታና ከኒው ዮርክ ነው።

በጃንዋሪ 2018 የእስራኤልን «ኤክስ ፋክተር» ሦስተኛ ዙር አሸነፈች። 17 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት «ቤተር» የሚል የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋን በእንግሊዝኛ አወጣች። ከዚያስ? ከዚያ የሆነው በእነዚህ ውድድሮች የሚያሸንፉ አብዛኞቹ ወጣቶች ላይ የሚሆነው ነው። ፕሮግራሙ የሚሸጠው ፍለጋውን ነው፤ ከተገኘው ልጅ ጋር ምን እንደሚደረግ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ጣቢያው አዲስ ልጅ ያስፈልገዋል፤ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ለአዲሱ መንገድ ይለቃል። የኢትዮጵያ ተመልካችም ይህን አይቷል፤ ስንት «አንደኛ የወጣ» ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። እንደ ዳዊት ጽጌ ከ«ባላገሩ አይዶል» ወጥቶ በራሱ አልበም የቆመ ሲገኝ ሰው የሚደነቀው፣ የተለመደው ሌላው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ኤደን ተመልሳ ተሰለፈች። በዚህ ጊዜ የተሰለፈችበት «ሐኮኻቭ ሐባ» (መጪው ኮከብ) ነው፤ የ«ኮኻቭ ኖላድ» ተተኪ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የእስራኤልን የዩሮቪዥን ተወካይ የሚመርጠው ውድድር። አሠራሩ የተለየ ነው። ተወዳዳሪው የሚዘፍነው ከትልቅ ግድግዳ መሰል ስክሪን ጀርባ ቆሞ ነው። ተመልካች በስልኩ መተግበሪያ ይደግፋል ወይም ይቃወማል፤ የደጋፊዎቹ ፎቶ ግድግዳው ላይ ይደረደራል፤ ድጋፉ 70 በመቶ ሲደርስ ግድግዳው ይነሣና ዘፋኙ ከሕዝቡ ፊት ይገለጣል። ባይደርስ ዘፋኙ ዘፍኖ ሲጨርስ ከግድግዳው ጀርባ እንዳለ ይቀራል። በ2018 በዚህ መንገድ የተመረጠችው ኔታ ባርዚላይ ሊዝበን ላይ ዩሮቪዥንን አሸንፋ ነበር፤ ስለዚህ ውድድሩ ክብሩ ከፍ ብሏል።

ኤደን በዚህ ውድድር ላይ ስትሰለፍ አገሪቱ ከምን ወጥታ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ጁን 30 ቀን 2019 ሐይፋ አጠገብ ኪርያት ሐይም በተባለ ሰፈር ከሥራ ሰዓቱ ውጪ የነበረ ፖሊስ አንድ ወጣት የቤተ እስራኤል ልጅ ተኩሶ ገደለ። ለቀናት መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ በብዙ ከተሞች እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ወጡ። ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በ2015፣ የወታደር ዩኒፎርም የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ቴል አቪቭን አናውጦ ነበር። ያኔም ብዙ ተስፋ ተሰጠ።

ከኪርያት ሐይሙ ተኩስ ሰባት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020፣ ያው አገር በስልኩ ድምፅ ሰጥቶ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ «ወክይን» አላት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። ስልክ የሚነካ ጣት ዋጋ አይከፍልም፤ ለዘፈን ፍቅር መስጠት ቀላል ነው። ቢሆንም ቀላል ነውና ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። አንዲት የስምንት ዓመት የቤተ እስራኤል ሕፃን በዚያ ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ ያየችው ነገር እናቷ በእሷ ዕድሜ ካየችው የተለየ ነው።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ግጥሙና ዜማው የተሠራው በሁለት ሰዎች ነው፦ የኔታን የድል ዘፈን ከጻፉት አንዱ በሆነው በዶሮን ሜዳሊና በዚያው በኢዳን ራይሸል። ርእሱ «ፌከር ሊቢ»። በአማርኛ «ውዴ» ማለት ነው ተብሎ ለዓለም ተነገረ።

አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ይህን ርእስ ሲሰማ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ግንባሩን ቋጠር ያደርጋል። «ፍቅር ልቤ»? በአማርኛ «የልቤ ፍቅር» ይባላል፣ «ፍቅሬ» ይባላል፣ «ሆዴ» ይባላል። «ፍቅር ልቤ» ቢባል እንኳ «ልቤ» እንጂ «ሊቢ» አይባልም። «ሊቢ» የሚባለው በዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ «ሌቭ» ልብ ነው፣ «ሊቢ» ደግሞ ልቤ። እንግዲህ አማርኛ ነው የተባለው ርእስ ግማሹ ለዕብራይስጥ ጆሮ እንዲጥም ሆኖ የተሰፋ ነው። የቴል አቪቭ አድማጭ ሁለተኛውን ቃል ሳይተረጎምለት ይረዳዋል፤ የመጀመሪያው ቃል እንግዳ ጌጥ ይሆንለታል።

ይህን እንደ ወንጀል መቁጠር አያስፈልግም። ቋንቋዎች ሲጎራበቱ እንዲህ ይሆናሉ፤ አሽዶድና ነታንያ ያሉ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር የሚያወሩት አማርኛም እንዲሁ የተሰፋ ነው፣ ግሡ ከአንዱ ስሙ ከሌላው። እንዲያውም «ፌከር ሊቢ» ለዚያ ትውልድ አማርኛ ታማኝ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ያን ቅልቅል የፈጠሩት ልጆቹ ቢሆኑ ኖሮ ነው ክርክሩ የሚጸናው። እዚህ ግን የጻፉት አማርኛን ከውጭ የሚያዳምጡ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፣ የምትዘፍነው ደግሞ ልጅቷ ናት። የ2002ቱ አሠራር በ2020ም አልተለወጠም። ብቸኛው ልዩነት በዚህ ጊዜ የአማርኛው ድምፅ ከጀርባ ሳይሆን ከፊት መቆሙ ነው፤ ይህም ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ያም ሆነ ይህ ኮሮና መጣ። የእስራኤል ሕዝብ ብሮድካስት ኤደን በ2021 እንደምትወክል አረጋገጠ፤ ዘፋኟ ዳነች። ዘፈኑ ግን አልዳነም። የውድድሩ ሕግ በ2020 የቀረቡት ዘፈኖች በሚቀጥለው ዓመት እንዲቀርቡ አልፈቀደም። አዲስ ዘፈን መፈለግ ነበረበት።

በጃንዋሪ 2021 የተመረጠው አዲስ ዘፈን «ሴት ሚ ፍሪ» ይባላል። ከእስር ስለ መውጣት የሚናገር የዳንስ ዘፈን ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ጥቂት ዕብራይስጥ ጣል ጣል የተደረገበት። አማርኛ የለም። በወረርሽኙ ዓመት ሁሉም ቤቱ ታስሮ ስለነበር ርእሱ ለጊዜው የተመቸ ነበር፤ ዘፈኑም የኤደንን የድምፅ ችሎታ ያሳያል። መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ቀጥኖ የሚወጣ ድምፅ አላት፤ በዩሮቪዥን ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው ነው ተብሎ ተዘግቧል። ማነው ግን ይህን ዘፈን ሰምቶ ዘፋኟ ከየት እንደሆነች የሚገምት? ከስቶክሆልም ሊሆን ይችላል፣ ከአቴንስ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የተፈለገውም ይኸው ነው። አንዲት ልጅ ሁልጊዜ «የኢትዮጵያ ልጅ» ሆና መዝፈን የለባትም፤ ተራ የፖፕ ዘፈን የመዝፈን መብት አላት። ሐጊት ላይ የተጫነው የምሳሌነት ሸክም ከዚህ በኩል ሲታይ ቀለል ብሏል።

ሸክሙ ግን በሌላ በር ገባ። ሜይ 10 ቀን 2021 በእስራኤልና በሐማስ መካከል ጦርነት ተከፈተ፤ 11 ቀን ቆየ። በጋዛ ከ240 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በእስራኤል ከ10 በላይ። የኤደን የግማሽ ፍጻሜ ውድድር ሜይ 18 ነበር፣ በጦርነቱ መሐል። ተኩስ አቁሙ ሜይ 21 ጸና፤ የፍጻሜው ውድድር ሜይ 22። ከሁለት ሳምንት በፊት 21 ዓመት የሞላት ዘፋኝ ሮተርዳም ላይ የቆመችው በሰንደቅ ዓላማ ስር ነው፤ ያን ሳምንት ያን ሰንደቅ ዓላማ ያየ ተመልካች ደግሞ ከእሷ ድምፅ በፊት ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው፣ ደግፎም ሆነ ተቃውሞ። በአገሯ ከዳር ያለ ማኅበረሰብ ልጅ፣ በውጭ ስትቆም የመንግሥት ፊት ሆነች። ዩሮቪዥን ፖለቲካ አይደለም የሚሉት አዘጋጆቹ ብቻ ናቸው።

ፍጻሜ ገብታ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። ከዳኞች 73፣ ከተመልካች ደግሞ 20። ሁለት ጊዜ በተመልካች ድምፅ የነገሠች ልጅ በሦስተኛው መድረክ ላይ ዳኞች ናቸው ያገኟት።

በዚያ ሌሊት መድረኩ ላይ የነበሩትን መቁጠር ለአፍሪካ ቀንድ ሰው የሚያስደንቅ ነው። ለትንሿ ሳን ማሪኖ የዘፈነችው ሰንሂት ቦሎኛ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደች ናት፤ 22ኛ ወጣች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች ልጆች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የአውሮፓ መድረክ፣ ለሁለት ሌሎች አገሮች፣ በእንግሊዝኛ። ለስዊድን የዘፈነው ቱሴ ኮንጎ ተወልዶ በሕፃንነቱ በስደት የሄደ፣ የስዊድንን «አይዶል» ያሸነፈ ነው፤ 14ኛ ሆነ። ለማልታ 7ኛ የወጣችው ደስቲኒ የአገሯን «ኤክስ ፋክተር» አሸንፋ የመጣች ናት።

ውድድሩን ያሸነፉትም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ማኔስኪን የተባሉት የሮማ ልጆች በ2017 በጣሊያን «ኤክስ ፋክተር» ሁለተኛ የወጡ ባንድ ናቸው፤ ኤደን የእስራኤሉን ከማሸነፏ ከአንድ ወር በፊት። አንደኛ አልወጡም፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሳቸውን ዘፈን እየጻፉ፣ አዳራሽ እየዞሩ፣ አልበም እየሠሩ ቆዩ። ሮተርዳም ላይ የዘፈኑት ራሳቸው የጻፉትን ነው፣ በጣሊያንኛ። 524 ነጥብ አገኙ። ሁለተኛ የወጣችው ፈረንሳይ በፈረንሳይኛ፣ ሦስተኛ የወጣችው ስዊዘርላንድም በፈረንሳይኛ። ከፊት ሦስቱ አንዳቸውም በእንግሊዝኛ አልዘፈኑም።

ይህን ይዞ «አማርኛው ቢኖር ኖሮ ታሸንፍ ነበር» ማለት ግን አይቻልም። ለአስተናጋጇ ሆላንድ የዘፈነው ጄንጉ ማክሩይ ሱሪናም የተወለደ ሲሆን፣ በዘፈኑ ውስጥ ቅኝ ገዢዎች ይንቁት የነበረውን ስራናን የተባለ የአገሩን ቋንቋ አስገብቶ ነበር። ከዳኞች 11 ነጥብ አገኘ፣ ከመላው አውሮፓ ተመልካች ዜሮ። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ አውሮፓ የለመዳቸው ቋንቋዎች ናቸው።

ያም ሆኖ ጄንጉ ቃሉን ራሱ ጽፎ፣ በራሱ አፍ፣ መድረኩ ላይ ቆሞ ዘፍኖታል። የሱሪናም ሰው በዚያ ሌሊት ቋንቋውን ከሮተርዳም ሰምቷል። ኤደን ከ2020 ዘፈኗ ጋር ይዛው የነበረው አማርኛ፣ ተሰፍቶም ቢሆን፣ በዩሮቪዥን መድረክ ላይ ለውድድር አንድም ጊዜ አልተዘፈነም።